ማን ከማን ይቀድማል

ወልድያ በተያዘች ክረምት እኔ ሀብሩ ወረዳ፣ አክስቴ ቤት ነበርሁ። አክስቴ ጭቃ አዳልጧት እጇ ተሰብሮ ነበርና «ለጥቂት ቀን ውረጂና አግዣት» ብላ የላከችኝ እናቴ ናት። አንድ ቅያሪ ቀሚስ ይዤ በሚኒባስ ወረድሁ፤ ከመርሳ በኋላ በማሽላው መሐል በእግር ነው። የላከችኝ እናቴ ግን እዚያው ወልድያ ቀረች። ወዲያው መንገዱ ተዘጋ፣ ስልኩም ሞተ፤ የጥቂት ቀን እንግድነቴ እንደ ዘበት ኑሮ ሆነ።

እናቴን ጉልበቷን ያማታል። ወልድያ ደግሞ ወይ ዳገት ነው ወይ ቁልቁለት፤ ሜዳ የሚባል ነገር ያልተረፈላት ከተማ ናት። እናቴ ገበያ ደርሳ ስትመለስ እንኳ ሦስት ቦታ ቁጭ ብላ ነው። ስለዚህ በዚያ ክረምት ልቤ ውስጥ የነበረው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ እናቴ ወጥታለች ወይስ አልወጣችም? አክስቴ «ትመጣለች፣ አይዞሽ» ትለኛለች። ባሏ «ያች ሴት ቤቷን ጥላ የምትወጣ አይመስለኝም» ይሉኛል። ሁለቱንም ጠላኋቸው፤ እሷን ስለምታባብለኝ፣ እሳቸውን ስለማያባብሉኝ።

የእኔ ሥራ ወልድያ ቢሮ ውስጥ ወረቀት ማገላበጥ ነው። ገጠር ስገባ እጄ ምንም አይችልም። አክስቴ ውኃ አስቀድታኝ፣ እንጨት አስለቅማኝ፣ ከዚያ በላይ አላምንሽም ስትለኝ ማንጎው ሥር እቀመጣለሁ። ያ ክረምት ሲታወሰኝ እንቅልፍና ንቃት የተቀላቀለበት ነገር ይመስለኛል። ጧት ጉም ከተራራው ወርዶ ማሽላውን ይውጠዋል፤ ረፋድ ላይ መልሶ ይተፋዋል። ከሰሜን በኩል ያጉረመርማል፤ ነጎድጓድ ይሁን መድፍ አይለይም። አክስቴ «ዝናብ ነው» ትልና በደኅናው እጇ ልብስ ትሰበስባለች። ዝናቡ ሳይመጣ ይመሻል።

እዚያ ማንጎ ሥር ሆኜ የማየው ዶሮ ነው። ጫጩቶቹ ከእናታቸው ክንፍ ሥር ወጥተዋል፤ ገና ደግሞ ዶሮ አልሆኑም። ወንዶቹ ኩክኔ ማብቀል ጀምረዋል፣ ሴቶቹ ቄብ ሊባሉ ትንሽ ቀርቷቸዋል። ተማሪ ሳለሁ «ዶሮዎች ማዕረግ አላቸው» ሲባል ሰምቼ ስቄ ነበር። ተቀምጠው ሲያዩት ግን አያስቅም። ቀዩ ወንድ ሁሉንም ይነቁራል፣ እሱን የሚነቁረው የለም። ገብስማው ከቀዩ ይሸሻል፣ ነጯን ያባርራል። ነጯ ከሁለቱ ትሸሽና ንዴቷን ጥቁሯ ላይ ትወጣለች። ጥቁሯ ማንንም አትነካም። ጥሬ ሲበተን መጨረሻ የምትደርስ እሷ ናት፤ ቆጥ ላይ ሲወጣም ዝናብ የሚያገኘው ዳር የእሷ ነው። እኔም በቤቱ የመጨረሻዋ ነበርሁና ጥቁሯን ወደድኋት።

አንድ ቀን አንድ የመንደሩ ቤተሰብ ወደ ደሴ ሊሸሽ ሲነሣ፣ አንገተ ረጅም ዥጉርጉር ዶሮ ለአክስቴ ትቶላት ሄደ። እሱም ገና ወጣት ነው። ግቢ እንደገባ ገብስማው ደረቱን ነፍቶ ገጠመው። ብዙም አልቆየ፤ ገብስማው እየጮኸ ወደ አጥሩ ሮጠ። ነጯም ዕድሏን ልትሞክር ሄደችና ተነቁራ ተመለሰች። ጥቁሯ ግን ጥግ ላይ ቆማ አንገቷን ወዲያና ወዲህ እያደረገች ስታይ ቆየች። ዥጉርጉሩ ወደ ጥሬው ሲመጣ፣ ሳትነካው ሳይነካት መንገድ ለቀቀችለት።

«ጋሼ፣ ይችን ይዩልኝ» አልኋቸው የአክስቴን ባል። «ገብስማው እንደሚያሸንፋት ታውቃለች፤ እሱን ያሸነፈ እሷንም እንደሚያሸንፍ አስባ ደረሰችበት።»

«ፈሪ ናት እንጂ ምን ታስባለች» አሉ።

በማግስቱ ቀዩና ዥጉርጉሩ ተያያዙ፣ ቀዩ አሸነፈ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጥቁሯ የምትለቅመው ቀዩ አጠገብ ሆነ። ቀዩ አልፎ አልፎ ቢነቁራትም ዥጉርጉሩ እዚያ ዝር አይልም። እኔ ደስ አለኝ፤ ፈሪ ብትሆን ከሁሉም ነበር የምትሸሸው። ሄጄ ነገርኋቸው።

«የምታስብ ብትሆን መጨረሻ ትሆን ነበር?» አሉኝ።

«መጨረሻ ስለሆነች ነው የምታስበው። ቀዩ ምን ቸገረው? ሲመጣ ሁሉም ይነሣለታል።»

«ብልጡ ነው ከላይ የሚወጣ። እኔ ይኸን ሁሉ ዘመን ያየሁት ይኸንኑ ነው።»

«አንቱ የቀበሌ ሊቀመንበር ስለነበሩ ነው እንዲህ የሚሉት።»

አክስቴ የታሰረ እጇን ይዛ ሳቀች። እሳቸው «ዶሮ ጭራ ጭራ ታወጣለች ካራ፤ አንች ልጅ ዝም ብትይ ይሻልሻል» ብለው ከብቶቹን ሊያስገቡ ተነሡ። እንዲህ ስንጨቃጨቅ የምንውልበት ሌላ ነገር ስላልነበረን ነው። ስለ ሌላው ነገር ማውራት ያስፈራ ነበር።

በዚያ ሰሞን ከወልድያ የሚወጣው ሰው በሲሪንቃ በኩል እየተንጠባጠበ መርሳ ይደርሳል፤ ከመርሳ ደግሞ ወሬው በማሽላው መሐል እኛ ጋ ይደርሳል። እኔም ዶሮዎቹን ማየቴን ሳልተው ሐሳቤ ወደ ሰው ተሻገረ። ማን ከማን ቀድሞ እንደሚወጣ አሰላ ጀመር። የሰፈራችን ልብስ ሰፊ መጥቷል ተባለ። እሱ ታላቅ ወንድሙን ትቶ አይወጣም፤ ስለዚህ ወንድሙም ወጥቷል አልሁ። እውነትም ወንድሙ መርሳ ትምህርት ቤት ከተጠለሉት መሐል ተገኘ። ይህ ነገር አኮራኝ። ጥቁሯን ሳይ እንደ ሥራ ባልደረባ ነበር የማያት።

እናቴን በተመለከተ ግን ማሰቢያዬ አንድ ሰው ብቻ ነበረች፤ ግድግዳ ለግድግዳ የምትኖረው ጎረቤታችን። እስላም ናት፣ በዕድሜ ከእኔ ትንሽ ትበልጣለች። ባሏ ሾፌር ነው፤ ነገሩ ሲፈነዳ ከነመኪናው አፋር በኩል ቀርቶ መመለሻ አጣ። እሷ ድርስ እርጉዝ ነበረች። ይች ሴት እናቴን ቀድማ ያደረገችው አንድም ነገር የለም። በር ላይ ሲደርሱ «እትዬ፣ ይቅደሙ» ትላለች። እናቴ «ቅደሚ በሞቴ» ትላለች። «ወላሂ አይሆንም» ትላለች። እናቴ ትቀድማለች። ልቅሶ ቤት እጅ ሲታጠቡ እንደዚሁ፣ ባጃጅ ሲሳፈሩ እንደዚሁ። አንዴ ዶፍ እየወረደ፣ እናቴ በዚያ ጉልበቷ ደፉን እስክትሻገር ድረስ ይች ሴት ውጭ ቆማ ስትበሰብስ አይቻለሁ። መንገድም አብረው ሲሄዱ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ናት፤ እናቴ ስትቆም ትቆማለች፣ እናቴ ስትቀመጥ ትቀመጣለች። ታላቅን መቅደም ለእሷ በሰው ፊት እንደመራቆት ነው። ሰፈራችን በሙሉ ያውቀዋል፣ ይስቅበታልም።

ስለዚህ ነገሩ ግልጥ ነበር። እሷ ወጥታ ከተገኘች፣ እናቴ ከእሷ በፊት ወጥታለች።

አንድ ቀን የአክስቴ ባል እህል ሊያስፈጩ መርሳ ወርደው ዱቄት በአህያ ጭነው ተመለሱ። ጭነቱን ሳያወርዱ ጠሩኝ። «ያች ጎረቤታችሁን አየኋት። ወፍጮ ቤቱ አጠገብ፣ አንድ ግቢ ስትገባ።» እናቴ ቤት ስንት ጊዜ አብረዋት በልተዋል፣ አይስቷትም። አህያቸውን ይዘው በሰው መሐል ሲጋፉ ስለነበር ሊያናግሯት አልቻሉም።

«እርጉዝ ናት?» አልሁ።

«ሆዷ እዚህ ድረስ ነው» አሉ። ከዚያ ፈገግ አሉ፤ ከስንት ቀን በኋላ። «እሷማ ካለች እናትሽ አለች። ያች ልጅ እናትሽን የምትቀድም ናት?»

ሰውዬው ከእኔ ጋር የተስማሙበት የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው። አክስቴ መደብ ላይ ተቀመጠችና ማርያምን እያመሰገነች አለቀሰች። እኔም አለቀስሁ። ከዚያ ለእናቴ የሚሆን መኝታ አዘጋጀን፤ እሳት ዳር፣ ለጉልበቷ እንዲመቻት።

ያ ከሰዓት ከክረምቱ ሁሉ ደስ ያለኝ ነው። ማንጎው ሥር ተኝቼ ዓይኔን ከደንሁ። እናቴ በሲሪንቃ ስታልፍ አየኋት፤ ከመንገዱ ዳር ያለው የእርሻ ምርምሩ የሙከራ ማሳ አረንጓዴ ነው፣ እሷ ከዘራ ይዛለች፣ ጎረቤታችን ግማሽ እርምጃ ከኋላዋ ናት። እናቴ ትቆማለች፣ ጎረቤታችንም ትቆማለች። ማንም አያባርራቸውም። ጉሙ ይወርድባቸዋል፣ ከጉሙ ይወጣሉ፣ እንደገና ትንሽ ይሄዳሉ። መንገዱ ወደ እኔ እያጠረ መጣ። ስነቃ ጥቁሯ እግሬ ሥር ትጭራለች፤ አመሻሽ ሆኗል።

በማግስቱ ጧት መርሳ ወረድሁ። ወፍጮ ቤቱ አጠገብ ያለውን ግቢ ጠይቄ አገኘሁት፣ የጎረቤታችን የአጎቷ ቤት ኖሯል። እሷ ደጃፉ ላይ ዱካ ላይ ተቀምጣ ልብስ ታጥባለች፤ ሆዷ ከገንዳው አርቋት እጇ በግድ ነው የሚደርሰው። ስታየኝ ሳሙናውን ጣለችና ተነሣች። ተቃቀፍን። እሷ በትከሻዬ በኩል ወደ ኋላዬ ታያለች። እኔም በትከሻዋ በኩል ወደ ቤቱ ውስጥ አያለሁ።

«እትዬስ?» አለችኝ።

«እናቴስ?» አልኋት።

እኩል ነው የተናገርነው። የአጎቷ ሚስት ከውስጥ ወጥታ «ምነው፣ ኸይር ነው?» አለችን።

ጎረቤታችን ቁጭ ብላ ነገረችኝ። ማታውኑ ተነጋግረው ነበር። እናቴ «ጧት እንወጣለን» ብላታለች። ሲነጋጋ እሷ ጓዟን ቋጥራ በራችን ላይ ስትደርስ ቁልፉ ከውጭ ተንጠልጥሏል። «እትዬ፣ እትዬ» ብላ ተጣራች። የሚመልስ የለም። ቆርቆሮውን ደበደበች። ምንም የለም።

«ቀድመው ወጥተዋል አልሁ» አለችኝ። «በዚያ ጉልበታቸው እኔን እንዳያስቆሙኝ ብለው በሌሊት ተነሥተው ነው፣ ወላሂ እንደዚያ ነው ያሰብሁ። እደርስባቸዋለሁ ብዬ ሮጥሁ። ከዘራ የያዘች ሴት ሁሉ እሳቸው ስለምትመስለኝ አላረፍሁም። ሲሪንቃ ስደርስ እንኳ ውኃ አልጠጣሁም። እዚህም እስክመጣ አልደረስሁባቸውም። አንች ጋ ገብተዋል ብዬ ነበር እኮ የተቀመጥሁት!»

የእኛ በር ቆርቆሮ ነው፤ መሐሉ ላይ እጅ የሚያስገባ ቀዳዳ አለው። እናቴ ሰው ማግኘት ያላሰኛት ቀን፣ ራሷን ሲያማት ወይም ዝም ማለት ሲያምራት፣ በዚያ ቀዳዳ እጇን አውጥታ ቁልፉን ከውጭ ትቆልፍና ውስጥ ጋደም ትላለች። የመጣው ሰው ቁልፉን አይቶ ይመለሳል። ይህን የምናውቅ እሷና እኔ ብቻ ነን። እኔ እንዲያውም «ነውር ነው» እያልሁ እጨቃጨቃት ነበር።

ይች ሴት ቆርቆሮውን ስትደበድብ እናቴ ከበሩ በዚያኛው በኩል ነበረች። ትንፋሿን ይዛ ቆማ ነበር።

አብረው ቢወጡ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ማንም ሰው ማሰብ ይችላል። እናቴ በየመቶ እርምጃው ትቀመጣለች፣ ይችም ትቀመጣለች። «ትተሽኝ ሂጂ» ብትባል አትሄድም። «ከኋላሽ እመጣለሁ» ብትባል እግሯን አታነሣም። ሆዷ ደግሞ ቀኑ ደርሷል። የምታስኬዳት አንድ ነገር ብቻ ናት፤ እትዬ ቀድመዋል ብላ ማመን። እናቴ ይህን ሁሉ አስባዋለች። እኔ ከታች ያለው ብቻ ነው የሚያስበው እያልሁ ማንጎ ሥር ስፈላሰፍ፣ ሁልጊዜ ቅድሚያ የሚሰጣት ሴትዮ ቅድሚያዋን ራሱን እንደ ዱላ ይዛ ሰው አስሩጣበታለች። ያን ሰዓት ኮራሁባት። ወዲያው ደግሞ ተናደድሁባት። እኔስ? ልጅ የለኝም ብላ ነው?

ጎረቤታችን ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። እውነቱን ብነግራት ያኔውኑ ተነሥታ ወደ ወልድያ ትመለስ ነበር፤ አውቃታለሁ። «ወደ ደሴ አልፋለች ማለት ነው» አልኋት። «እዚያ ዘመድ አላት።»

«እንግዲህ ቀድመውኛል» አለችና ፊቷን በሻሿ ጠረገች። «አልሐምዱሊላህ።»

መርሳም ያን ሳምንት ጓዟን ትቋጥር ነበር፣ የአጎቷ ቤተሰብም ሊሄድ ነው። እሷ ግን ከዚያ በላይ መንገድ አትችልም። ይዣት ወደ አክስቴ ቤት መጣሁ። በማሽላው መሐል ስንሄድ እኔን አስቀድማ እሷ ከኋላዬ ነበር የምትሄደው፤ «የቤቱ ልጅ አንች ነሽ» ትለኛለች። ለአክስቴና ለባሏ እውነቱን ለብቻቸው ነገርኋቸው። «ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት አሉ» አሉ ሰውዬው። ሳቅ ግን አልነበረበትም።

ለእናቴ ባዘጋጀነው መኝታ ላይ ጎረቤታችን ተኛች፤ እዚያው ላይም ወለደች። ያዋለደቻት አክስቴ ናት፣ በአንድ እጇ፤ ሁለተኛውን እጅ እኔ ሆንሁላት። ሴት ልጅ። በማግስቱ የአክስቴ ባል ቀዩን ዶሮ ከቆጥ አውርደው ወንዝ ተሻግረው ሄዱ፤ ለእስላም አራስ የክርስቲያን እጅ ያረደው አይሆንምና ቢስሚላህ ብሎ የሚያርድላት ሰው ፍለጋ። አሳርደው ይዘው ሲመጡ ዝም ማለት አልቻልሁም።

«ጋሼ፣ ብልጥ ነው ያሉት ተበላ።»

«ከላይ መሆን ለዚህ ካልሆነ ለምን ይጠቅማል» አሉኝ፤ ወዲያው ደግሞ ዶሮውን ለአክስቴ ሰጥተው ወደ ከብቶቻቸው ሄዱ።

ከዚያ ጦሩ እኛንም አልፎን ወደ ታች ሄደ። ያለፈብንን አሁን አላወራውም። ማሽላው ደረሰ፣ ተቆረጠ፣ ብርዱ ገባ። እኔ በየቀኑ አንድ ቆርቆሮ በር አያለሁ፤ ነቅቼም ተኝቼም አየዋለሁ። እናቴ ውስጥ ናት እላለሁ። ጤፍ ነበራት እላለሁ፣ ሽሮ ነበራት እላለሁ። አንዳንድ ቀን ደግሞ ምንም አልልም። ጎረቤታችን ልጇን እያጠባች «እትዬ ደሴ ሆነው ምን ይሉን ይሆን» ስትል «ምን ይሉናል» እላትና ወደ ውጭ እወጣለሁ።

ጦሩ ተመልሶ መንገዱ ሲከፈት አራሷን ከሕፃኗ ጋር ትቼ ብቻዬን ወጣሁ። ግማሹን በጭነት መኪና፣ ግማሹን በእግር ነው የሄድሁት። ወልድያ ስገባ ከተማዋ አመዳም ሆና ዝም ብላለች፤ ሰዎች በየደጃፋቸው ቆመው የሚገባውን ያያሉ፣ ዘመድ ነው ወይስ አይደለም እያሉ። የእኛ ሰፈር ዳገት ላይ ትንፋሼ አጠረ። ከዳገቱ አናት ላይ፣ ፀሐይ ላይ ድንጋይ ላይ፣ አንዲት ሴት ተቀምጣለች። ከስታ አንገቷ የሕፃን አንገት አክሏል። ነጠላዋን ግን አውቄዋለሁ።

ሮጥሁ። ስደርስ ልወድቅባት ጎንበስ ስል በእጇ ደረቴን ገፋ አድርጋ አቆመችኝ። ልጄ አላለችኝም፣ እንዴት ነሽ አላለችኝም። ዓይኗ ከእኔ አልፎ ወደ ቁልቁለቱ ያያል።

«ወለደች?» አለችኝ።

«ወለደች። ሴት ናት።»

«መንገድ ላይ?»

«ቤት ውስጥ» አልኋት። «አክስቴ ቤት፣ እሳት ዳር።»

ያን ጊዜ እጇን ከደረቴ ላይ አነሣችና እንድስማት ጉንጯን ሰጠችኝ።